የተረፈው ሊትር የማን ነው?

በሳውዝ ሲ ንግድ የከፈተ ሰው ለአንድ ውሃ አራት ዋጋ ያውቃል። የመጀመሪያው የናይሮቢ ከተማ ውሃና ፍሳሽ ኩባንያ በቆጣሪ እየለካ የሚያስከፍለው ነው። ሁለተኛው ቧንቧው ሲደርቅ ተደውሎ በቦቴ የሚመጣውና ሮቶውን ሞልቶ የሚሄደው ነው። ሦስተኛው በሕንፃው ግቢ ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ የሚሳበው ሲሆን፣ ዋጋው ከመብራት ሂሳብ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ማንም ለይቶ አያየውም። አራተኛው ጋሪ ገፊ በጄሪካን የሚያመላልሰው ነው። በአራቱም ሰሃን ይታጠባል፣ በአራቱም ወለል ይወለወላል፤ በዋጋ ግን አይገናኙም። የ20 ሊትር ጄሪካን በ20 ሽልንግ ከተሸጠ አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሽልንግ ወጣበት ማለት ነው። የቧንቧው ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንሳል።

ለዚህ ነጋዴ «የውሃ ወጪህን ቀንስ» ብለን ስንመክረው ምን ማለታችን ነው? ምክሩ ቀላል ይመስላል። ሲፈተሽ ግን ሁለት ጥያቄዎች አብረው ተቋጥረውበታል፤ አንዱ ውሃን ስለመቀነስ፣ ሌላው ገንዘብን ስለመቀነስ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት ይጋጫሉ። በዚህ ሐተታ ላሳይ የምፈልገው ይህን ነው፦ ወጪን መቀነስና ወጪን በሌላ ሰው ላይ ማሸሽ በሂሳብ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይታያሉ። መዝገቡ ልዩነታቸውን ስለማይነግረን እኛው መመርመር አለብን።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ሳውዝ ሲ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ መካከል ያለ ሰፈር ነው። የኬንያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የደረጃዎች መሥሪያ ቤትና የኬንያ ቀይ መስቀል ዋና ጽሕፈት ቤቶቻቸው እዚያው ናቸው። ድሮ ግቢ ያላቸው የአንድ ቤተሰብ ቤቶች የነበሩበት መሬት ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ በፎቆቹ ሥር ምግብ ቤቶች፣ የውበት ሳሎኖች፣ ሱቆችና ላቫጆዎች ተከፍተዋል። ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ ቱቦ አሁን ለብዙ አባወራ ይካፈላል። ውሃው ራሱ ከሩቅ ይመጣል። አብዛኛው የናይሮቢ ውሃ የሚገኘው በ1994 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሥራ ከጀመረውና 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዘው የንዳካይኒ ግድብ ሲሆን፣ ግድቡ ያለው በሙራንጋ ካውንቲ በአበርዴር ተራሮች ሥር ነው። ሳሱሙዋ፣ ሩይሩና የኪኩዩ ምንጮችም ይጨምሩበታል። ከጥር 2017 ጀምሮ ከተማዋ ውሃን በፈረቃ ታከፋፍላለች፤ እያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ይደርሰዋል። በቱቦ ከሚላከው ውሃ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ሂሳብ ሳይከፈልበት ይጠፋል፤ ከፊሉ ይፈሳል፣ ከፊሉ ይሰረቃል፣ ከፊሉ በተበላሸ ቆጣሪ ሳይመዘገብ ያልፋል።

ምርመራውን ከዋጋ እንጀምር። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ያነሣት አንዲት እንቆቅልሽ አለች፦ ያለ ውሃ መኖር አይቻልም፣ ውሃ ግን ርካሽ ነው፤ ያለ አልማዝ መኖር ይቻላል፣ አልማዝ ግን ውድ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጡ ምጣኔ ሀብታውያን ሲመልሱ ዋጋን የሚወስነው የዕቃው ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን የመጨረሻዋ ጭማሪ የምትሰጠው ጥቅም ነው አሉ። ይህ መልስ ለሳውዝ ሲ ነጋዴ የዕለት ሥራ መመሪያ ነው። አንድ ምግብ ቤት በቀን 6 ሺህ ሊትር ይፈልጋል እንበል፤ 5 ሺውን ከቧንቧ ካጠራቀመው ያገኛል፣ 1 ሺውን ከቦቴ ይገዛል። ይህ ቤት 1 ሺህ ሊትር ቢቆጥብ የሚቀርለት ከሁሉ የሚወደደው፣ የቦቴው ነው። ብዙ ባለ ንግዶች ግን የወሩን የቧንቧ ቢል አንሥተው «ውሃ እንኳ ያን ያህል አልበላኝም» ይላሉ። እየለኩ ያሉት ርካሹን ሊትር ነው፤ የሚያፈሱት ውዱን።

የቧንቧው ሊትርም ቢሆን ቢሉ ላይ እንደሚነበበው ርካሽ አይደለም። በናይሮቢ የፍሳሽ ክፍያ ለብዙ ዓመታት ሲሰላ የኖረው በውሃው ሂሳብ ላይ 75 በመቶ እየተጨመረ ነው። ውሃው ሲገባም ሲወጣም ይከፈልበታል ማለት ነው። ከምድር ወደ ጣሪያው ሮቶ ሲገፋ መብራት ይበላል፣ ለዕቃ ማጠቢያ ሲሞቅ እንደገና ይበላል። ስለዚህ ከላቫንዲኖው ሥር በጸጥታ የሚንጠባጠበው ሙቅ ውሃ አራት ጊዜ የተከፈለበት ውሃ ነው፤ በሰከንድ አንዴ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ብቻውን በቀን ከ20 ሊትር በላይ ያወጣል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ይብሳል። የመልቀቂያው ሳጥን ጎማ ሲያልቅ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ሌት ተቀን ይወርዳል፤ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ፣ ሳይለቁ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ወደ መቀመጫው የወረደ ቀለም መኖሩን ማየት ይበቃል። ምግብ ቤቱ ማታ ሲዘጋ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ፣ ጠዋት ሲከፈት እንደገና ማንበብ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ፍተሻ ነው። ማታ ሮቶው ሞልቶ፣ ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከጨመረ ከቆጣሪው በኋላ የሚፈስ አለ።

እዚህ ላይ በሐበሻ ምግብ ቤት ትንሽ ልቆይ፤ ናይሮቢ ያሉ ወገኖቻችን ከሚተዳደሩባቸው ሥራዎች አንዱ ነውና፣ የውሃ አጠቃቀሙም የራሱ ጠባይ አለው። እንግዶች በአንድ ትሪ ስለሚበሉ የሚታጠበው ሰሃን ያንሳል። እጅ መታጠቡ ግን ከሌላው ምግብ ቤት ይበልጣል፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ግድ ነው። ቧንቧው በደቂቃ 10 ሊትር ቢለቅና አንድ ሰው ክፍት አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ቢታጠብ 5 ሊትር ይሄዳል። በቀን 100 እንግዳ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢታጠብ አንድ ሺህ ሊትር ነው። የቀድሞው ወግ፣ በጆግና በሳፋ ማስታጠብ፣ ለአንድ ጊዜ መታጠብ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል፤ ድምሩ 100 ሊትር ነው። ልዩነቱ የብዙ ቤተሰብ የቀን ፍጆታ ነው። ማስታጠብ የአክብሮት ወግ ብቻ እንደሆነ አድርገን ስናስብ ኖረናል። እኔ ግን ውሃ ከምንጭ በእንስራ ይቀዳ በነበረበት ዘመን የዳበረ የልኬት ጥበብም አለበት ብዬ አምናለሁ። ሠራተኛ የማይበቃበት ቤት ደግሞ በቧንቧው አፍ ላይ አየር የሚቀላቅል ትንሽ ወንፊት ቢያስገጥም ፍሰቱ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ጓዳው ሌላ ነው። የሊጥ ዕቃ ከደረቀ በኋላ በውሃ ጎማ ቢረጩት እንኳ አይለቅም፤ ወዲያው በእጅ ጠርጎ ጥቂት ውሃ አፍስሶ ማቆየትና ከዚያ ማጠብ፣ ሩብ ሰዓት ቧንቧ ከፍቶ ከመፈተግ ይሻላል። የወጥ ድስትም በመጀመሪያ ይጠረጋል፤ ቅባቱ ወደ ቱቦ ሲወርድ ይረጋና ፍሳሹን ይዘጋል፣ የዚያም ወጪ ሌላ ነው። ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ በሚወርድ ውሃ ሥር ለግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ በዚያው በደቂቃ 10 ሊትር ስሌት 300 ሊትር ይጠፋል። ከዋዜማው ወደ ፍሪጅ ማዛወር ምንም ውሃ አይፈጅም፤ ለምግቡም ደኅንነት የተሻለ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውሃውም ገንዘቡም አብረው ይቀንሳሉ፣ የሚጎዳም የለም። አከራካሪ ነገር ስላልሆኑ ከዚህ በላይ አልዘረዝራቸውም።

አከራካሪው የሚመጣው ቢሉን ሌላ ሰው እንዲከፍለው ስናደርግ ነው። አንድ ምግብ ቤት ሰሃን ማጠብ ትቶ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት ዕቃ ቢያቀርብ የውሃ ወጪው ይወርዳል፤ ቆሻሻው ግን ጎረቤት መንገድ ላይ ይቆማል። የእጅ መታጠቢያውን ቢዘጋ ቢሉ ይቀንሳል፤ በሽታው ግን ደንበኛው ቤት ይገባል። ከቆጣሪው በፊት ቱቦ ቢያስቀጥል ቢሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ውሃው ግን ከሌላ ሰው ፈረቃ ላይ ተወሰደ። ይህን ሦስተኛውን ሁሉም ሰው ስርቆት ይለዋል። ሦስቱን የሚያመሳስላቸውን ስናይ ግን ሌሎቹ ሁለቱም ቢሆኑ የዋህ አይደሉም፦ በሁሉም ዘንድ ወጪው አልቀነሰም፣ ባለቤት ቀየረ።

ከሁሉ የሚከብደው የጉድጓዱ ጉዳይ ነው፤ ሕጋዊ ነውና። የውሃ ሀብት ባለሥልጣን ፈቃድ ሰጥቶበት፣ ገንዘብ ወጥቶበት፣ በራስ ግቢ የተቆፈረ ጉድጓድ ማንን ይጎዳል? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ንብረት እንዴት ትክክለኛ ይሆናል ብሎ ሲያስብ ከመረጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ራሱ ውሃ ነው። ሰው ከጋራ ነገር መውሰድ የሚችለው ለሌላው በቂና እኩል መልካም የሆነ ሲተርፍ ነው፤ ከወንዝ አንድ ጉንጭ የጠጣ ሰው ማንንም አልጎዳም፣ ወንዙ እንዳለ ቀርቷልና። ክርክሩ ወንዙ እስካለ ድረስ ይሠራል። በናይሮቢ ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ዓመት ከዓመት እየራቀ መሄዱ የታወቀ ነው፤ አዲስ የሚቆፍር ከቀድሞው ይበልጥ ጠልቆ ይቆፍራል፣ የጠለቀው ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆን ውሃ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ በልጆች ጥርስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነጋሪ አያሻውም። ስለዚህ የሎክ ቅድመ ሁኔታ እዚህ አልተሟላም። የእኔ ፓምፕ በጠነከረ ቁጥር የጎረቤቴ ይደክማል፤ የእርሱ የመብራት ሂሳብ ሲጨምር የእኔ የውሃ ሂሳብ ቀነሰ ይባላል።

ሳውዝ ሲ ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ በእስልምና ትውፊት ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ውሃ እንዳያባክን ይመከራል። ይህ ከሎክ በላይ የሚሄድ ሐሳብ ነው። ሎክ የሚጠይቀው ለሌላው ተረፈ ወይ ብሎ ነው። ትውፊቱ ግን ቢተርፍም ያላስፈለገህን አትውሰድ ይላል። የትኛው ለንግድ ይበጃል? ወንዝ በሌለበት ከተማ ሁለቱም ወደ አንድ ውሳኔ ያደርሱናል ብዬ አስባለሁ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ዝናብ በጠገበ ወር ነው፤ ያን ጊዜ ልማዱን ጠብቆ የሚቆየው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ጉድጓድ በጋራ የሚተዳደርበት መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1965 የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በሎስ አንጀለስ አካባቢ ያሉ ፓምፖች አንዱን የከርሰ ምድር ውሃ እየተሻሙ የባሕር ጨው ሲያስገቡበት፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደተስማሙ ነው፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችውም በጋራ ሀብት አስተዳደር ላይ በሠራችው ሥራ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር በሁለቱም ወገን ባሉት ቦረናዎች ዘንድ ነው። የቦረና ጥልቅ ኤላዎች ሰዎች በመሰላል ተደርድረው ውሃ እየተቀባበሉ የሚያወጡባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ኤላው የጎሳ ባለመብት አለው፤ የዕለቱን ተራ የሚያስይዝ አባ ሄረጋ የሚባል ኃላፊም አለ፤ ማን መቼ ስንት ከብት ያጠጣል የሚለው በእርሱ ይወሰናል፣ ጥገናውም በጋራ ነው። ውሃው በገንዘብ አይሸጥም፤ ተራና ልክ ግን አለው። የሳውዝ ሲ ፎቅ ባለቤቶች በአንድ መንገድ ላይ አምስት ጉድጓድ ከሚቆፍሩ አንድ ቆፍረው ተራና ልክ ቢያወጡለት፣ የአባ ሄረጋን ሥራ ቆጣሪና የጽሑፍ ስምምነት ይሠሩት ነበር። ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት መተማመን ይጠይቃልና። ግን ወጪን ከማሸሽ ወደ መቀነስ የሚያሻግር ሌላ መንገድ ለጉድጓድ አላገኘሁለትም።

ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም ክብደት ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «እኔ አንድ ሺህ ሊትር ብቆጥብ ከሞምባሳ መንገድ ማዶ ሙኩሩ ሰፈር ላለችው እናት አይደርሳትም። ከተማው ራሱ ግማሽ ሊጠጋ የሚሆነውን እያፈሰሰ እኔ ስለ ጠብታ ልጨነቅ?» እውነት አለው። ከእኔ ሮቶ ወደ እርሷ ጄሪካን የተዘረጋ ቱቦ የለም። ግን የፈረቃ ቀን እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። ውሃ ሲለቀቅ መስመሩ ላይ ያሉ ሮቶዎች ሁሉ በአንዴ መጠጣት ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ጠግበው እስኪዘጉ መጨረሻ ያሉት ግፊት አያገኙም። ባዶ የደረሰ ሮቶ ረጅም ሰዓት ይጠጣል፣ ግማሽ የደረሰ ቶሎ ይዘጋል። ቁጠባዬ የሚደርሰው ለማላውቃት እናት ባይሆን በመስመሩ ጫፍ ላለው ጎረቤቴ ነው። ቦቴ ባልጠራሁ ቁጥር ደግሞ በድርቅ ወር የቦቴና የጄሪካን ዋጋ በሚወጣበት ገበያ አንድ ገዢ ያንሳል። የአንድ ቤት ድርሻ ትንሽ ነው፤ ምንም አይደለም ግን አይባልም። የከተማው ኩባንያ ቱቦውን የመጠገን ግዴታ እንዳለበትም አልክድም። የእርሱ ግዴታ አለመፈጸሙ የእኔን አያጠፋውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጣው ከእንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ ነው። በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ፣ ሞተሮች ከሰል መቆጠብ ሲችሉ የአገሪቱ የከሰል ፍጆታ አልቀነሰም፣ ጨመረ እንጂ ብሏል፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ተጠቀመበት። ሳውዝ ሲ ያለ ላቫጆ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማሽን ገዝቶ ለአንድ መኪና የሚፈጀውን ውሃ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከዚያም ዋጋ አውርዶ ሁለት እጥፍ መኪና ቢያጥብ፣ ከሰፈሩ የሚወስደው ውሃ ያው ነው። ክፉ አደረገ አልልም፤ ለሠራተኞቹ ሥራ ፈጥሯል። ውሃ ቆጠብኩ ሊል ግን አይችልም። ስለዚህ ሁለት ልኬት ያስፈልጋል፤ ለአንድ አገልግሎት ስንት ሊትር ወጣ የሚለውና በወር ጠቅላላ ስንት ሊትር ወሰድኩ የሚለው። የመጀመሪያው ብቻውን ለነጋዴው ይበቃዋል፣ ለጎረቤቱ ግን አይበቃም።

ጎረቤቱ የመጠየቅ መብት አለው ወይ? የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማንኛውም ሰው ንጹሕና በቂ ውሃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የ2016ቱ የውሃ ሕግም ለቤት ፍጆታ የሚውለውን ከሌላው አገልግሎት ያስቀድማል። ከዚህ የሚከተለው ንግድ በወረፋው ሁለተኛ መሆኑ ነው። ግድቡ ያለበት የሙራንጋ አስተዳደርም ከውሃው ገቢ ድርሻ ይገባኛል ብሎ ተከራክሯል፤ ወረፋው ከሳውዝ ሲ ርቆ እስከ ተራራው ይዘልቃል ማለት ነው። ይህን የተረዱ ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። በ2015 የተቋቋመው የላይኛው ጣና–ናይሮቢ የውሃ ፈንድ መጠጥ አምራቾችና ሌሎች ተቋማት ገንዘብ አዋጥተው የተራራው ገበሬዎች እርከን እንዲሠሩ፣ ዛፍና ሣር እንዲተክሉ የሚያግዝ ነው፤ አፈር ወደ ግድቡ ካልወረደ ውሃውን ለማጣራት የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል። ሲቋቋም የተሠራው ስሌት 10 ሚሊዮን ዶላር ቢፈስበት በ30 ዓመት 21.5 ሚሊዮን ዶላር ጥቅም ይመልሳል የሚል ነበር። እዚህ ወጪው ወደ ሌላ አልተሸሸም፤ ከምንጩ ቀነሰ፣ ገበሬውም ተጠቀመ።

በተቃራኒው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ምሳሌ ከሐዋሳ ላንሣ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ሐይቁ የማይለቅ ሥርዓት ተሠርቶለታል። ለሐይቁ ትልቅ ነገር ነው። ውሃን ከጨው ለመለየት ግን ብዙ መብራት ይፈጃል፤ ውሃውን ለማዳን የሚከፈለው ዋጋ በመብራት በኩል ይመጣል። ለምግብ ቤት የሚሆን መንገድ አይደለም።

ለሳውዝ ሲ የሚቀርበው ሰማዩ ነው። በሚያዝያና ግንቦት 2024 ናይሮቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ሳውዝ ሲንም አላለፈውም፤ በፈረቃ ውሃ የሚጠብቁ ቤቶች ውስጥ ጎርፍ ገባ። ሰፈሩ የተሠራበት ጥቁር የኮትቻ መሬት ውሃ ቶሎ አይውጥም፣ ግቢዎቹም ሲሚንቶ ለብሰዋል። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 160 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን 128 ይቀራል። ይህ ውሃ ለወለል፣ ለሽንት ቤትና ለመኪና ማጠቢያ ሳይጣራ ይሆናል። ዝናቡ በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ እንደገና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚወርድ፣ ትልቅ ማጠራቀሚያ ለሌለው ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅም። ግን ከመረመርናቸው መንገዶች ሁሉ አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ነጋዴው የያዘው እያንዳንዱ ሊትር ከጎረቤቱ በር ላይ የተነሣ ጎርፍ ነው። ወጪው ሲቀንስ የሌላውም አብሮ ይቀንሳል።

የቀረው የፎቁ ጉዳይ ነው። በብዙ ሕንፃዎች አንድ ዋና ቆጣሪ አለ፤ ቢሉ ለተከራዮች በእኩል ይከፋፈላል ወይም ከኪራይ ጋር ይጨመራል። በዚህ አሠራር የምግብ ቤቱ ባለቤት ጎማውን ቢያድስ፣ ወንፊቱን ቢያስገጥም፣ በጆግ ቢያስታጥብ፣ ያተረፈው ለሁሉ ተከፋፍሎ ለእርሱ የሚደርሰው ኢምንት ነው፤ የሚያፈሰው ጎረቤቱ ደግሞ ከሌላው ኪስ እየከፈለ ያፈሳል። እዚህ ቁጠባን የሚገድለው የሰው ክፋት ሳይሆን የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ ተከራይ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ይህን ያስተካክላል። ባለ ሕንፃዎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ የንዑሶቹ ድምር ከዋናው ቆጣሪ ቢያንስ ልዩነቱን ማን ይክፈል? መልሱ ባለ ሕንፃው ነው። ልዩነቱ የእርሱ ቱቦ ውስጥ የሚፈሰው ነው፤ በየወሩ በሽልንግ ተጽፎ ሲደርሰው የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚፈስ ለማግኘት ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል።